ከአንቺ ጋር ያልቀየርኩት ጨዋታ

ጥቅምት 4

እታለም፣

እንደምን ከረማችሁ? በይቅርታ ልጀምር ነበር፤ ያለፈው ደብዳቤዬም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም በይቅርታ እንደጀመሩ ትዝ ሲለኝ እጄ ቆመ። ስለዚህ የዘገየሁበትን ምክንያት አልጽፍም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ደህና ነኝ። ክፍል ቀይሬያለሁ። አሁን ያለሁት ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው፤ መስኮቴን ስከፍት የማስቲሽ ሽታ ይገባል፣ ስዘጋው ደግሞ መዶሻው ይበልጥ ይሰማኛል። እየለመድኩት ነው።

"ሥራህ በትክክል ምንድን ነው? አባዬን 'ሆቴል ነው የሚሠራው' እያልኩ እስከ መቼ ልሸንግለው?" ላልሽኝ፦ ሆቴል መሆኑ ውሸት አይደለም። ፎቁ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት አዳራሽ አለ፤ ሰው እየመጣ ካርታ ይጫወትበታል። ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጥቶ ተጋጣሚ ላጣ ሰው ፊት ለፊቱ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ፖከር፣ አንድ ለአንድ። በብር ፈንታ የማስይዘው ጠጠር የቤቱ ነው፤ ባሸንፍም የማሸንፈው ለቤቱ ነው፤ እኔ ደሞዜን እቀበላለሁ።

ያው የኛው ጨዋታ ነው። ዕቃ ማን ያጥባል፣ መስኮት ሥር ማን ይተኛል የሚለውን ሁሉ በክብሪት እንጨት እያስያዝን የምንጨርስበት። የተሸነፈ አያጉረመርምም፣ ያየ አያወራም፤ የአባዬ ሕግ። ክርክር እንዲያልቅበት ብሎ ያስተማረንን ነገር መተዳደሪያዬ አደረግኩት ብዬ እንዴት ልንገረው?

ካርታውንማ ማንም ሰው በጥቂት ቀን ይማረዋል። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለእያንዳንዱ ሰው እንደየጠባዩ መጫወት ስለምችል ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ፈሪ ነው። በእጄ ምንም ሳይኖር ጠጠር እጨምርበታለሁ፤ እሱ የተሻለ ይዞ፣ ተሸነፍኩ ብሎ ካርታውን ይጥላል። "ደህና ካርታ ይዘህ ነበር፣ አይደል?" ይለኛል። "ይዤ ነበር" እለዋለሁ። ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የዳነ ነው የሚመስለው። አንዲት የጡብ ነጋዴ ደግሞ አለች። እሷን በባዶ እጅ ማስፈራራት ግድግዳ ማስፈራራት ነው። የፈለግኩትን ያህል ብጨምር "ልየው እስኪ!" ብላ ጠጠሯን ትወረውራለች። ስለዚህ ለሷ ዋሽቼ አልጨምርም፤ ጥሩ ሲደርሰኝ ብቻ ብዙ አስይዛለሁ። ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚያጠቁት፤ በያዙትም ባልያዙትም ይጨምራሉ። እሳቸው ፊት እኔ የታመምኩ እመስላለሁ። ዝም ብዬ እየተቀበልኩ መጠን እስኪያልፉ እጠብቃለሁ፤ ሲያልፉ እይዛቸዋለሁ።

ሁሉም የሚያውቁት ሌላ ሰው ነው። ለአንዱ ደፋር ነኝ፣ ለሌላዋ ታማኝ፣ ለሌላው ደካማ። ወደ ክፍሌ ስመለስ የትኛው እንደሚመለስ አላውቅም። ይሄን እለፊው፣ ደክሞኝ ነው።

ስለ ሌላው ጉዳይ፣ መጥቼ ከአባዬ ጋር መቀመጥ እችል እንደሆነ፦ አሁን አይሆንም። አለቃዬ ፈቃድ አይሰጥም። ወቅቱም ሰው የሚበዛበት ነው። በዚያ ላይ ውል አለብኝ። በዚያ ላይ ክፍሉን ገና መያዜ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ እንደምታውቂው ነው።

አባዬን ሳሚልኝ። መካከለኛውን ገጽ አታንብቢለት።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 21

ጩሉሌ፣

(በስምህ ልጀምር ነበር፤ አባዬ "ጩሉሌ ካላልሽው ደብዳቤው ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል" አለኝ።)

ስለ አባዬ፦ አሁን ከአልጋው ወደ ወንበሩ በራሱ ይሻገራል። ከወንበሩ ወዲያ ግን እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዳሌው ከዚህ በላይ ይሻለዋል ብሎ ተስፋ አልሰጠንም፤ ይህን ባለፈው ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ታፔላ ሲጽፍ የወደቀበትን መሰላል ለጎረቤታችን ለሰዓት ሠሪው ሰጠሁት፤ አባዬ ባየው ቁጥር ይሰድበው ነበር። ብሩሾቹን ግን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። የሚጽፈው ታፔላ የለም፤ ያጥባቸዋል፣ ያደርቃቸዋል፣ መልሶ ያጥባቸዋል።

መካከለኛውን ገጽ ዘልዬው ነበር፤ እውነቴን ነው።

"አንድ ገጽ ዘለልሽ" አለኝ።

"አልዘለልኩም።"

"ክፍል ቀየርኩ አለ፤ ወዲያው አለቃዬ ፈቃድ አይሰጥም አለ። ይሄ ልጅ እኮ ሰላምታ ብቻውን አንድ ገጽ የሚፈጅበት ነው።"

ምን ላድርግ፣ አነበብኩለት። ይቅርታ አድርግልኝ። ጡብ ነጋዴዋ ጋ ሲደርስ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ቀጥሎ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ "ያ የጥርስ ሐኪም ሚስት አለችው?" አለኝ።

"ምን አገናኘው?"

"ምንም። አሳዘነኝ።"

ስለ ሥራህ ሌላ ቃል አልተናገረም። ማታ ሳለብሰው ግን "ደሞዙን ሲቀበል ቀና ብሎ ነው የሚቀበለው?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? "ቀና ብሎ ነው" አልኩት።

እኔ አሁንም ለአውቶቡስ ጋራዡ የወንበር ልብስ እዚሁ ቤት እየሰፋሁ ነው። አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ ሌላ ከተማ አዲስ ጋራዥ እየከፈተ ነው፤ የወንበር ክፍሉን እንድመራ ጠይቀውኛል። መኖሪያም ይሰጣሉ፤ አንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰው። መልሴን እስከ ኅዳር መጨረሻ ይፈልጋሉ። እስከዛሬ ሌላ ሰው የቆረጠውን ነው የሰፋሁት። እዚያ ግን መቁረጫው ጠረጴዛ የኔ ይሆናል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ ሌሎች ይሰፋሉ።

ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ።

ከላይ ያለውን መስመር ጽፌው አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው። ያስፈራል።

አለቃህ ፈቃድ ካልሰጠህ ግን ምን ይደረጋል? አምኜሃለሁ። አልችልም እላቸዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ከሦስቱ ሰዎች እኔ የትኛዋ ነኝ?

እህትህ

—

ኅዳር 2

እታለም፣

ከማንኛቸውም አይደለሽም።

እንዲህ ብዬ ጽፌ ወጣሁ፤ ዞር ዞር ብዬ ተመለስኩ። መስመሩ እዚያው ነው። የጥርስ ሐኪሙ ነሽ። እንደዚህ ስልሽ ፊቴ ጋለ፤ ጫማ ሰፊው ደግሞ ከታች እየዘፈነ ነው፣ ሰው የሚያፍርበት ቦታ እንኳን የለም።

አባዬ ስለ ደሞዙ የጠየቀውን ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር። ወይም አይሻልም። ቀና ብዬ ነው የምቀበለው በይው።

አዲስ ሰው መጥቷል። አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ አምጥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ጉዳዩን ጨርሶ ይወስዳቸዋል። ኮታቸው በደንብ የተተኮሰ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጠጠሩን ሲገፉ ይበተንባቸዋል፣ መልሰው ይሰበስቡታል፣ "ተራዬ ነው?" ይሉኛል። "አዎ አባቴ፣ ተራዎ ነው" እላቸዋለሁ።

እንዴት እንደምጫወታቸው ታውቂያለሽ? እኔ አውቃለሁ። እንዲህ ቀስ የሚል፣ ራሱን የሚጠራጠር ሰው ይጨመርበታል፤ መልሶ ይጨመርበታል፤ ደክሞት ይጥላል። ከጥርስ ሐኪሙም ይቀላሉ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ካርታ ይዤ ነበር። መጨመር ነበረብኝ። እሳቸው ትንሽ አስይዘው አዩኝ። ፈገግ አሉ። ካርታዬን ጣልኩ።

ደክሞኝ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በማግስቱም ጣልኩ። ሳሸንፍ ያልተሰማኝን ደስታ እሳቸው ሲያሸንፉ ፊታቸው ላይ አየሁት። ይሄን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን እንደምትፈልጊው አንብቤያለሁ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የኔ ነገር ግን እንደጻፍኩልሽ ነው። አለቃው አስቸጋሪ ነው፤ ውሉም አለ፤ አሁን ደግሞ አንድ ባልደረባችን ታሞ የሱንም ተራ እየሸፈንኩ ነው፤ ብርዱም ለጉዞ አይመችም። የዓመት ሰው ይበለን፣ ያኔ እናያለን።

ስለተረዳሽኝ አመሰግናለሁ። እንደምትረጂኝ አውቅ ነበር።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 14

ወንድሜ፣

ሥራውን ተቀብያለሁ። ኅዳር 30 ጠዋት እሄዳለሁ።

አንተ እንደማትመጣ ስለነገርከኝ አልጠብቅህም። አባዬ እዚሁ ቤቱ ይቀመጣል። የቤቱ ቁልፍ ሰዓት ሠሪው ጋ ነው፤ ሱቁን ከመክፈቱ በፊትና ከዘጋ በኋላ ብቅ ይላል። መሃል ላይ ያለውን ጊዜ አባዬ ብቻውን ይሆናል።

እህትህ

—

ኅዳር 20

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳገኝ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሰው ሊያልፍ ሲል ተነስቼ መልሼ ተቀመጥኩ። "ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?" ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ያንቺ ነው። አንዲት ይቅርታ እንኳን የለበትም።

አንቺ እኮ ዋሽተሽ አታውቂም። ስለዚህ ትሄጃለሽ ማለት ነው። አባዬ ከወንበሩ ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግረው አጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀመጥ አየሁት፤ ሽንቱ ሲመጣበት፣ ሲታገስ፣ በመጨረሻ ሳይችል ሲቀር፤ ሰዓት ሠሪው በሩን ከፍቶ ሲገባ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር። ይሄን ሁሉ ደረጃው ላይ አየሁት።

"ፈቃድ ጠይቀህ ነው የከለከሉህ?" ብለሽ ጽፈሽ መልሰሽ የሰረዝሽው ጥያቄ ነበር፤ ባለፈው ደብዳቤሽ ሳይሆን በፊተኛው። ብርሃን ላይ ስይዘው ይነበባል። አልጠየቅኩም። አንድ ቀንም አልጠየቅኩም። ውልም የለብኝም። የታመመ ባልደረባም የለም። እንደ ጥርስ ሐኪሙ ትጥያለሽ ብዬ ነው የጨመርኩብሽ፤ ጣልሽም። ያን ጊዜ አሸንፌ እንደነበር እንኳን አልታወቀኝም፤ እጄ ልማዱ ሆኖ ነው።

አሁን ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ የለኝም። አባረሩኝ። ከጣሪያው ላይ ካሜራ አለ፤ ለሽማግሌው የጣልኳቸውን ካርታዎች አለቃዬ አንድ በአንድ አሳየኝ።

"ከሰውየው ጋር ተነጋግራችሁ ነው?"

"አይደለም።"

"ይሄ አሸናፊ ካርታ ነው። ይሄም አሸናፊ ካርታ ነው። ታዲያ ምንድን ነው?"

"አባቴን ይመስላሉ" አልኩት።

ሳቀ። "እዚህ የሚመጣው ሁሉ የአንድ ሰው አባት ነው" አለኝ። የቤቱን ጠጠር ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ስሙ ምን እንደሆነም ነገረኝ። ቃሉን አልጽፈውም። በሩ ክፍት ነበር፤ ጡብ ነጋዴዋ ጠረጴዛ ላይ ሆና ትሰማለች። የምታስይዘውን አቁማ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ካርታዋ ተመለሰች።

ወደ ቤት መምጣት አሳፍሮኝ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት። እንደዚያ ተብዬ እንዴት አባዬ ፊት እቀመጣለሁ? ግን እመጣለሁ። ኅዳር 30 እደርሳለሁ። አንቺ ሂጂ። ለምን እንደተባረርኩ ለሱ አትንገሪው፤ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ወይም አልነግረውም፤ አላውቅም።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 25

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ወጥ አሳረርኩ። አባዬ "ምን ይሸታል?" አለ፤ "ምንም" አልኩት። ጭሱ መሃላችን ነበር።

የምነግርህ ነገር አለ፤ ሰምተህ መምጣት ካልፈለግክ ትቀራለህ።

ሥራውን አልተቀበልኩም ነበር። ኅዳር 14 ቀን ያን ደብዳቤ ስጽፍ ኃላፊው ጋ አልሄድኩም። ቁልፉንም ለማንም አልሰጠሁም። በባዶ እጄ ነው የጨመርኩብህ።

ማን እንዳስተማረኝ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ አልነግርህም ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። "ስለተረዳሽኝ አመሰግናለሁ" ያልከውን ካነበብኩለት በኋላ አባዬ ካርታ አምጪ አለኝ። ተጫወትን። ጨመረብኝ፤ ጣልኩ።

"ምን ነበረሽ?"

"ሁለት ንጉሥ።"

"ሁለት ንጉሥ ይዘሽ ትጥያለሽ?"

"ጨመርክብኛ!"

"ጨመርኩ እንጂ አልተኮስኩብሽም።"

ክብሪቶቹን መልሶ አከፋፈለ። ከዚያ፣ "ይሄ ወንድምሽ ለጥርስ ሐኪሙ አንድ ነው፣ ለጡብ ነጋዴዋ ሌላ ነው። ላንቺ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያው ነው። ቀይሮ አያውቅም፤ እንዲቀይር አድርገሽው አታውቂማ" አለኝ።

"እኔ በባዶ መጨመር አልችልም፣ አባዬ። ፊቴ ያስታውቃል።"

"ፊትሽን በፖስታ አትልኪውም። ደግሞስ ዋሽተሽ ስለማታውቂ ነው የሚያምንሽ። አንዴ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ይበቃል።"

"በምን ልጨምር? ምን አለኝ?"

"እኔ አለሁልሽ። በእኔ ጨምሪ።"

እምቢ አልኩት። ይህን እንድታምነኝ እፈልጋለሁ፣ እምቢ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ራሴ ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ብዙ ጽፌ ነበር፤ ለምን እንደምሄድ፣ እንዴት እንደተጨነቅኩ። አባዬ አስነብቦኝ "ምክንያቱን ሁሉ አውጪው" አለኝ። "እውነት የያዘ ሰው እንዲህ አይለፈልፍም። የሱን ደብዳቤ አላየሽም?" አወጣሁት። ጥቂት መስመር ብቻ ቀረ።

የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። "አባዬ ብቻውን ይሆናል" የሚለው ጋ ስደርስ ቆም ብዬ ስታነበው ምን እንደሚሰማህ አሰብኩ። ደረጃ ላይ ቁጭ ብለህ እንደምታነበው ግን አላውቅም ነበር። ያንን የወንበር ታሪክ፣ የግድግዳውን፣ አንተ እንድታየው ፈልጌ ነበር። አየኸው። አባታችንን እንደ ክብሪት እንጨት ወደ መሃል ገፋሁት፤ እሱ ፈቀደልኝ ብዬ ራሴን ነጻ ማውጣት አልቻልኩም።

እኔ ስጨምርብህ አንተ ደግሞ ምንም አልቀረህም ነበር። ይህን አላወቅኩም። ባውቅ እተወው ነበር? እተወው ነበር ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ጋ ገብቼ እሺ አልኩት። እስካሁን ሰው አልተኩም ነበር። ካልመጣህ ግን ተመልሼ አይሆንም እለዋለሁ፤ አባዬ ብቻውን አይቀመጥም፣ አንድ ቀንም አልተቀመጠም። ካርታዬ ይሄው ነው፤ ገልጬልሃለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው።

የምትመጣ ከሆነ፦ በግራ በኩል አታንሳው፤ ዳሌው ነው። በብብቱ ሥር ገብተህ፣ ራስህ ተጠግተህ። ውሃው ለብ ይበል። ሲታጠብ አይናገርም፤ ተቀየመኝ ብለህ አታስብ። ለምን እንደተባረርክ አልነገርኩትም።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 5

እታለም፣

ከአዲሱ ከተማ የጻፍሽልኝን አነበብኩ። አዎ፣ ደርሻለሁ። አዎ፣ በልቷል። ፎጣውን አግኝቼዋለሁ፤ ከሳጥኑ ሥር ነው ብለሽ ጽፈሽ ከሳጥኑ ላይ ነበር። አዲሱ ክፍልሽ መስኮት ያለው መሆኑ ደስ ብሎኛል። የመቁረጫ መቀሱ ለእጄ ከበደኝ ያልሽው ይለመዳል።

"አውቶቡስህ ዘግይቶ ነው?" ላልሽኝ። አልዘገየም። ያንቺ ከመውጣቱ በፊት ነው የገባው። መናኸሪያው ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ነበር። አየሁሽ። መስኮቱ ጋ ሆነሽ ሻንጣሽን ጭንሽ ላይ አቅፈሽ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ታዪ ነበር። ረዳቱ "እናቴ፣ ሻንጣውን ላይ ልጫነው" ሲልሽ በእጅሽ አባረርሽው። ማንን እንደምትፈልጊ ገባኝ። ሻዬ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። መኪናሽ ሲንቀሳቀስ ተነሳሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ጀርባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ማን በማን ፊት ማፈር እንዳለበት ጠፍቶኝ ነው ልልሽ እችላለሁ። ምክንያት አላበዛም። ፈራሁ።

ቤት ስገባ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ፣ አንቺ እንደለመንሽው እስክመጣ አባዬ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ "በል ተረከብ" ብሎኝ ወጣ። አባዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ጩሉሌ፣ ከስተሃል።"

"መንገዱ ነው።"

"መንገድ ሰው አያከሳም። አባረሩህ?"

"እታለም ነገረችህ?"

"ሻንጣህ ነገረኝ። ለጥየቃ የመጣ ሰው መጥበሻ ይዞ አይመጣም።"

ነገርኩት። ሽማግሌውን፣ ካሜራውን፣ ያልጻፍኩልሽን ቃል ሁሉ። አባቴን ይመስላሉ ማለቴን ብቻ ዘለልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ጠይቀኸዋል ሰውየውን?"

"ምኑን?"

"እንድታዝንለት ይፈልግ እንደሆነ። ቤቱ ሄዶ 'ዛሬ ያንን ደሞዝተኛ አሸነፍኩት' ብሎ ለልጁ አውርቷል እኮ። ቢያውቅ ምን ፊት ይኖረዋል?"

አላሰብኩትም ነበር። እታለም፣ ለሁሉም ሰው ጨዋታዬን እቀይራለሁ ስልሽ የነበርኩት ሰው ይህን አላሰበውም። ለሽማግሌው መልካም ያደረግኩ መስሎኝ፣ በዚያች አንዲት ነገር በሆዴ እየኮራሁ ነበር የመጣሁት። ያቺም ኩራት ሄደች።

ካርታውን አውጣ አለኝ። ክብሪቶቹን አካፈልን። ሁለተኛው ዙር ላይ ጥሩ ደረሰኝ። አባዬ ጨመረ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክብሪቶቹ ተበታተኑበት፤ አንዱ ጠረጴዛው ሥር ወደቀ፣ ጎንበስ ማለት አይችልም። አንስቼ ሰጠሁት። ካርታዬን ልጥለው ጣቴ ከሥሩ ገብቶ ነበር። ቀና ስል እያየኝ ነው። ተቀበልኩት፤ ገለጥን፤ በእጁ ምንም አልነበረም። ያሉትን ክብሪቶች ሁሉ ወሰድኩበት። የተሸነፈ አያጉረመርምም፤ አላጉረመረመም። ግን ደስ አላለውም፤ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ተቆጥቶ "ነገ" አለኝ፤ እስካሁንም "ነገ" እያለኝ ነው።

ከዚያ መታጠብ ነበረበት።

ይሄን ነው የጠየቅሽኝ፣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ስዞር የቆየሁት። ውሃውን ለብ አደረግኩ። ቁልፎቹን ፈታሁለት። እሱ ወደ ግድግዳው ያያል፣ እኔ ወደ ባልዲው። አባዬን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። አንቺ በየቀኑ ስታዪው እኔ ስለ ውል ስጽፍልሽ ነበር። በቀኙ በኩል በብብቱ ሥር ገብቼ ተጠግቼ አነሳሁት። ቀላል ነው። እንዲህ እንደሚቀል አልጻፍሽልኝም። ቆዳው እጄ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ እንዳያፍር ይሁን እኔ አላውቅም።

"ጨፍነሃል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ክፈት እንጂ። ትጥለኛለህ።"

ከፈትኩ።